ከመትከላችን በፊት፦ ሄምፕ፣ ሕጉና ቤታችን



በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር አማኞች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። አንዳንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዱ እንደ ቀልድ አስመስሎ፣ ወጣቶቹ ደግሞ ፊት ለፊት ይጠይቁታል፦ «ፓስተር፣ ሄምፕ ቤት ውስጥ መትከል ይቻላል ይባላል፤ ሕጉ ፈቅዷል አሉ። ኃጢአት ነው እንዴ?» ይህ አንድ ጥያቄ ሁለት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንደኛው የመንግሥት ፈቃድ ነው፣ ሁለተኛው የእግዚአብሔር ፈቃድ። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም በቅጡ ሳይመለሱ ዘሩ አፈር ውስጥ ይገባል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ሄምፕ የዲያብሎስ ተክል ነው ብዬ አላስተምርም። ሆኖም አብዛኞቻችን ባለንበት ሁኔታ ቤት ውስጥ መትከሉን አልመክርም። ምክንያቴ ተክሉ ራሱ ርኩስ ስለሆነ አይደለም። ከዚያ ባልዲ የሚመጣው ዋጋ የሚያርፈው በተከለው ሰው ላይ ብቻ ስላልሆነ ነው። በሚስቱ ወረቀት፣ በልጆቹ ጤና፣ በእናቱ መድኃኒት፣ ከሱስ ወጥቶ ወደ ቤቱ ለጸሎት በሚመጣው ወንድም ላይ ያርፋል። ይህን አንድ በአንድ እንየው።

አንድ ተክል፣ ሁለት ስም

ብዙ ሰው ሄምፕና ማሪዋና ሁለት የተለያዩ ዕፅዋት ይመስሉታል። አይደሉም። ሁለቱም ካናቢስ ሳቲቫ የሚባለው አንድ ተክል ናቸው። የሚለያቸው ቲኤችሲ የተባለው አእምሮን የሚያዞር ንጥረ ነገር መጠን ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የግብርና ሕግ፣ በደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ዴልታ 9 ቲኤችሲ ያለውን ካናቢስ «ሄምፕ» ብሎ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ዝርዝር አወጣው። ከዚያ ልክ ያለፈው ግን በፌደራል ሕግ ዓይን ማሪዋና ነው።

ስለ ተክሉ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። የሰው ልጅ ለብዙ ዘመን ከሄምፕ ገመድና ሸራ ሲሠራ ኖሯል፤ በእንግሊዝኛ ሸራን «ካንቫስ» የሚያሰኘው ቃል እንኳ የመጣው ካናቢስ ከሚለው ስም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ገበሬዎቹን «ሄምፕ ዝሩ» ብሎ ቀስቅሷል፤ ለባሕር ኃይሉ ገመድ ስለፈለገ። ፍሬው ምግብ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 መጨረሻ ላይ የተፈተገ የሄምፕ ፍሬ፣ የፍሬው ፕሮቲንና የፍሬው ዘይት በምግብ ውስጥ ቢገቡ እንደማይቃወም አስታውቋል። ስለዚህ አንዲት እህት ሱቅ ገዝታ የሄምፕ ፍሬ እርጎ ላይ ብትነሰንስ «ሀሺሽ በላች» ብሎ ስሟን ማጥፋት ሐሜት ነው፤ ሐሜት ደግሞ ኃጢአት ነው።

ነገር ግን ያቺ 0.3 በመቶ በዓይን አትታይም። ቅጠሉ ያው ነው፣ ሽታው ያው ነው፣ ዘሩም ያው ነው። ለይቶ የሚናገረው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ፈቃድ ያለው የሄምፕ ገበሬ ከማጨዱ በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ከማሳው ናሙና ተወስዶ ይመረመርበታል፤ ከልኩ ካለፈ ሰብሉ ይወገዳል ወይም በሕጉ መሠረት እንዲስተካከል ይደረጋል። አበባው እየጎመራ ሲሄድ ቲኤችሲውም ስለሚጨምር፣ ልምድ ያለው ገበሬ እንኳ ሳያስበው ከልኩ ያልፍበታል። ታዲያ ዘሩን ከኢንተርኔት ገዝቶ በረንዳው ላይ የተከለ ሰው «የእኔ ሄምፕ ነው» ሲል በምን ያውቃል? የሻጩን ቃል ከማመን በቀር ሌላ ማስረጃ የለውም።

የተፈቀደው በትክክል ምንድን ነው?

«ሕጉ ፈቅዷል» የሚለውን ቃል ሁላችንም እንሰማለን። የትኛው ሕግ፣ ለማን፣ ምን ያህል የሚለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በዲሲ ሕዝቡ በኖቬምበር 2014 ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ሕግ ከፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ዕድሜው 21 የሞላ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ እስከ 6 ተክል ማብቀል ይችላል፤ ከነዚህ ለአበባ የደረሱት ከ3 መብለጥ የለባቸውም። በአንድ ቤት ብዙ ጎልማሶች ቢኖሩም ከ12 አይበልጥም። መሸጥ ግን አልተፈቀደም። በቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እስከ 4 ተክል ተፈቅዷል። እያንዳንዱ ተክል ላይ የባለቤቱ ስም፣ የመታወቂያ ወይም የመንጃ ፈቃድ ቁጥርና ለግል ጥቅም መሆኑ ተጽፎ መንጠልጠል አለበት፤ ከመንገድ መታየት የለበትም፣ ዕድሜያቸው ከ21 በታች የሆኑትም እንዳይደርሱበት ጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል። በሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በአንድ ቤት 2 ተክል ብቻ ነው፤ በቤቱ ውስጥ አምስት ጎልማሳ ቢኖርም ያው ሁለት። በሌሎች አገሮች ያላችሁም ልኩ የተለያየ መሆኑን እወቁ፤ በጀርመን ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ጎልማሳ 3 ተክል ነው፣ በካናዳ ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ በቤት 4 ተክል ነው፤ ኩቤክ ግን ከልክላለች።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር አለ። እነዚህ ሕጎች የፈቀዱት ለግል ጥቅም የሚበቅለውን ካናቢስ ነው። ሄምፕ ግን በአሜሪካ ሕግ የእርሻ ሰብል ነው። ሄምፕ የሚያመርት ሰው ከግዛቱ ወይም ከፌደራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል፤ የ2018ቱ ሕግ ለጓሮ ወይም ለበረንዳ ተካይ የተለየ ነፃነት አላስቀመጠም። እንግዲህ ጠንካራውን የቤት ማሪዋና ያለ ፈቃድ መትከል የሚቻልበት ግዛት ውስጥ፣ ደካማውን ሄምፕ በሄምፕነቱ ለመትከል ፈቃድ ይጠየቃል ማለት ነው። «ሄምፕ ስለሆነ ምንም አይደለም» የሚለው ማጽናኛ እንደምናስበው ጽኑ መሬት ላይ አልቆመም።

ተክሉ ምን ይፈልጋል?

ሄምፕን እንደ በሶብላ ወይም እንደ ጤና አዳም መስኮት ላይ አስቀምጠን የምንረሳው የሚመስለን ካለን፣ ጀማሪ የሚገጥመውን በአጭሩ ልንገራችሁ።

ዘሩ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። አፈሩ ውኃ የማያቁር ሊሆን ይገባል፤ ብዙ ጀማሪዎች ችግኙን የሚገድሉት በጥማት ሳይሆን ውኃ በማብዛት ነው። ከቤት ውጭ የተተከለ እንደሆነ በእኛ አካባቢ ቀኑ እያጠረ ሌሊቱ ሲረዝም፣ በኦገስት አካባቢ ማበብ ይጀምራል፤ በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር ይደርሳል። ይህ ተክል የሚያብበው የሌሊቱን ርዝመት ቆጥሮ ነውና። ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ሰውየው ራሱ ፀሐይ መሆን አለበት። በእድገቱ ጊዜ በቀን ወደ 18 ሰዓት ብርሃን ይሰጠዋል፣ ለአበባ ሲፈለግ 12 ሰዓት ብርሃንና 12 ሰዓት ያልተቋረጠ ጨለማ። አንድ የ200 ዋት መብራት በቀን 18 ሰዓት ቢበራ በወር 108 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በዚያ ላይ አየር ማዘዋወሪያ አለ።

ተክሉ ወንድና ሴት አለው። ከተራ ዘር የበቀለው ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል፣ የአበባ ዱቄቱም በነፋስ ይበተናል። ፍሬ ለማግኘት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሱቅ የሚሸጠው የተፈተገ ፍሬ ደግሞ ቢዘሩት አይበቅልም። ጭረቱ ለገመድና ለጨርቅ የሚሆነው ማሳ ላይ ተጠጋግቶ ተዘርቶ፣ ቁመቱ ከሰው በላይ ሆኖ፣ ከታጨደ በኋላ በጤዛ ወይም በውኃ እንዲበሰብስ ተደርጎ ነው። ከበረንዳ ባልዲ ገመድ አይወጣም፤ ከሁለት ተክል የሚገኘው ፍሬም ለአንድ ቁርስ አይበቃም። ባልዲ ውስጥ ሊገኝ የሚችለው በዋናነት አበባው ነው። የሚጨሰውና የሚጨመቀውም አበባው ነው። ስለዚህ «ለምን እተክላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ተክሉ ራሱ ግማሹን መልስ ይሰጣል።

ከዘር እስከ አጨዳ ከ3 እስከ 5 ወር ይፈጃል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሽታው አፓርታማውን አልፎ ኮሪደር ላይ ይወጣል። አየሩ ከታመቀ አበባው ውስጥ ሻጋታ ይገባል፤ የሻገተ አበባ ሳንባን ይጎዳል። የኪራይ ውላችሁንም አንብቡ። ግዛቱ ቢፈቅድም አከራዩ ሊከለክል ይችላል።

ወረቀታችን

ወገኖቼ፣ ከሁሉ በላይ ልታስተውሉት የምለምናችሁ ይህ ክፍል ነው።

የግዛት ሕግ ማሪዋናን ስለፈቀደ የፌደራል ሕግ ፈቅዷል ማለት አይደለም። ኢሚግሬሽን ደግሞ የሚመራው በፌደራል ሕግ ነው። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ማሪዋናን በሚመለከት የፌደራል ሕግ መጣስ፣ ድርጊቱ በግዛቱ ወንጀል ባይሆንም እንኳ፣ ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። በሕጉ ያለው ጠባብ ቀዳዳ እስከ 30 ግራም የሚደርስ ማሪዋናን ለራስ ጥቅም ይዞ አንድ ጊዜ መገኘትን የሚመለከት ነው። ያ ቀዳዳ ስለ መያዝ ይናገራል እንጂ ስለ ማብቀል አይናገርም።

ለዜግነት የሚሞላውን ኤን 400 የተባለውን ቅጽ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቅጹ አመልካቹ በማንኛውም ጊዜ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ዕፆች በሕገ ወጥ መንገድ አምርቶ፣ አብቅሎ ወይም ሸጦ እንደሆነ ይጠይቃል። እንግዲህ አንድ ወንድም ግሪን ካርዱን ይዞ አምስት ዓመት ጠብቆ፣ ፈተናውን አጥንቶ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቃለ መጠይቅ ፊት ቢቀመጥ፣ በረንዳው ላይ ስላሉት ሁለት ተክሎች ምን ይመልሳል? «አዎ» ቢል ጉዳዩ አደጋ ላይ ይወድቃል። «አይ» ቢል በመሐላ ዋሽቷል፤ ውሸቱ ደግሞ ራሱን የቻለ የሥነ ምግባርና የሕግ ጥሰት ነው። «ሄምፕ ነበረ» ቢል የላቦራቶሪ ወረቀቱና የሄምፕ ፈቃዱ የታለ? በኢሚግሬሽን ሕግ አንዳንድ ጊዜ የፍርድ ቤት ጥፋተኝነት ሳይኖር የሰውየው የራሱ ቃል ብቻ ሊጎዳው ይችላል። ግሪን ካርድ ይዞ ከአገር ወጥቶ የሚመለስ ሰውም ይህን ያስብ።

ያን ወረቀት ስንቶቻችን በጾም በጸሎት እንደጠበቅነው እናውቃለን። ባል በወረቀቱ ሚስቱን ያመጣል፣ ልጅ እናቱን ያመጣል። ስለዚህ ዜግነት ላልወሰዳችሁ ሁሉ ምክሬ አጭር ነው፤ አትትከሉ። ቀድሞውኑ የተከለ ካለ፣ ማመልከቻ ከመሙላቱ ወይም ከመጓዙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። መዋሸትን ግን እኔም ሌላም አገልጋይ ሊመክራችሁ አይገባም።

ሁለተኛው የእንጀራችን ጉዳይ ነው። በመካከላችን ትልቅ መኪና የሚነዱ ብዙ ወንድሞች አሉ። የፌደራል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሲዲኤል ነጂን ሲመረምር ግዛቱ ፈቀደ አልፈቀደ ብሎ አይጠይቅም። ማሪዋና የተገኘበት ነጂ አስፈላጊውን የመመለሻ ሂደት እስኪጨርስ ድረስ ከመንዳት ይታገዳል። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ በዚህ እገዳ ላይ ያለ ሰው ሲዲኤሉን ራሱን በግዛቱ ይነጠቃል። መሥሪያ ቤቱ በ2020 ባወጣው ማሳሰቢያ «ሲቢዲ ብቻ ነው የወሰድኩት» የሚለው ምላሽ ተቀባይነት እንደሌለው አሳውቋል። ምክንያቱም ብዙ የሲቢዲ ምርቶች መለያቸው ላይ ከተጻፈው በላይ ቲኤችሲ ሊኖራቸው ይችላል። ከራስ ተክል የተጨመቀ ዘይት ደግሞ መለያ እንኳ የለውም።

ሦስተኛ፣ በፌደራል ድጎማ በሚከራይ ቤት የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉን። በነዚህ ቤቶች ማሪዋና መጠቀም አመልካችን ያስከለክላል፣ ያለውንም ተከራይ ሊያስወጣ ይችላል። ልጅ በመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የተከለው ለእናት ቤት ማጣት ምክንያት እንዳይሆን።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዘሩንም ሆነ ዘይቱን በሻንጣ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ወይም በገልፍ አገሮች በኩል መጓዝ አይገባም። በአገራችን የወንጀል ሕግ ካናቢስን ማብቀልም ሆነ መያዝ ያስቀጣል፤ በገልፍ አገሮች ያለው ቅጣትም የከበደ ነው። የሜሪላንድ ፈቃድ የሜሪላንድን ድንበር አይሻገርም።

በቤት ውስጥ ያሉት

ጥሬውን ቅጠል ቢቀጥፍ ሕፃን ወዲያው ይሰክራል ማለት አይደለም፤ በጥሬው ተክል ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ወደሚያዞረው ቲኤችሲ የሚለወጠው በዋናነት በሙቀት ነው። አደጋው የሚመጣው ያ አበባ ቅቤ ሲሆን፣ ኬክ ሲሆን፣ ከረሜላ ሲሆን ነው። ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በስሕተት የሚበላ ካናቢስ ወስደው ለመርዝ መከላከያ ማእከላት የተደረገው ሪፖርት በ2017 ከነበረበት 207 በ2021 ወደ 3,054 ደርሷል። አብዛኞቹ ያገኙት ቤት ውስጥ ነው። ለታዳጊዎች ደግሞ የአሜሪካ ሰርጅን ጀነራል በኦገስት 2019 ባወጣው ማሳሰቢያ ማሪዋና በማደግ ላይ ያለን አንጎል እንደሚጎዳ አስጠንቅቋል። አባት በጥንቃቄ ውኃ እያጠጣ የሚያሳድገውን ተክል ልጁን «አትንካ» ማለት ከባድ ነው። ልጅ ከምንናገረው ይልቅ የምንንከባከበውን ያያል።

ስለ ወላጆቻችንም ልናገር። ብዙ ጊዜ ይህ ተክል ወደ አማኝ ቤት የሚገባው በደስታ ፍለጋ ሳይሆን በሕመም በኩል ነው። ጉልበቷ የታመመ እናት፣ ሁለት ሥራ እየሠራ እንቅልፍ ያጣ አባት፣ ያየውን መርሳት ያልቻለ ስደተኛ። ከዚህ ተክል የተገኘ እውነተኛ መድኃኒትም አለ፤ ኤፒዲዮሌክስ የተባለው የተጣራ ሲቢዲ በጁን 2018 ለከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ተፈቅዷል። እርሱ ግን መጠኑ ተለክቶ፣ ጉበት እየተመረመረ በሐኪም የሚሰጥ ነው። ሲቢዲ ዋርፋሪን ከተባለው የደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰድ የደም መፍሰስ አደጋን ሊጨምር ይችላል። እናታችሁ የደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ፣ ልጇ በፍቅር የጨመቀላት ዘይት ለሆስፒታል ሊያበቃት ይችላል። ሐኪሟ ይወቅ፤ ማፈር አያስፈልግም።

ሕጋዊነት መለኪያችን ሆኖ ያውቃል?

«ታዲያ ሕጉ ፈቅዷል፣ እግዚአብሔርም ቡቃያን ሁሉ ፈጥሯል፤ ፓስተሩ ለምን ያጠብቃል?» የሚል ይኖራል። ክርክሩን አልንቀውም። ፍጥረት ሁሉ መልካም መሆኑን እናምናለን። ግን ዘፍጥረት ላይ የቆመ ክርክር ዘፍጥረትን እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት። ኖኅ የተከለው ወይንም መልካም ፍጥረት ነበረ፤ ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን ግን እናውቃለን፣ ነውሩም በእርሱ ብቻ አላበቃም፤ ለልጆቹ ተረፈ።

ስለ ሕጋዊነት ደግሞ እኛ ከማንም ይልቅ ልናስተምር የምንችል ሕዝብ ነን። ጫትን አስቡ። በአገር ቤት ጫት ሕጋዊ ነው፤ ይመረታል፣ ይቀረጣል፣ ወደ ውጭ ተልኮ ምንዛሪ ያመጣል። እዚህ አሜሪካ ግን በለጋ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በጥብቁ የተከለከሉ ዕፆች መደብ ውስጥ ነው። ማሪዋና ደግሞ በተቃራኒው፤ በአገር ቤት ያስራል፣ እዚህ በግዛቱ ሕግ በረንዳ ላይ ይተከላል። አንድ ሰው ከቦሌ ተነሥቶ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ ሁለቱ ቅጠሎች ቦታ ይለዋወጣሉ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ግን በአገር ቤት ጫትን «ሕጋዊ ነውና ይሁን» ብለው አልተቀበሉም። የጫት ቤት ምርቃና ከሰዓት በኋላውን ሲበላ፣ ደመወዙን ሲያሟጥጥ፣ ልጆቹን ያለ አባት ሲያስቀር አይተው ከፍሬው ፈረዱት። ያን ጊዜ የሕጉን መፍቀድ ለብቻው ካልተቀበልን፣ ዛሬ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻ ለምን እንቀበላለን?

በዚያው ልክ፣ ያን ጊዜ ሕጉን ብቻ ያልተመለከትን ሰዎች ዛሬ ወሬን ብቻ ተመልክተን መፍረድ አይገባንም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጣዖት ሥጋ ሲጽፍ፣ ሥጋው በራሱ ምንም እንዳልሆነ ተቀብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ ግን ክርክሩን መብት ከነበረበት ስፍራ አንሥቶ በወንድም ፊት አቆመው። የሚጠየቀው «ይቻለኛል ወይ?» ብቻ መሆኑ ቀረ፤ «ይህ ያ ደካማ ሕሊና ያለውን ምን ያደርገዋል?» የሚለው ተጨመረ። ይህን ወደ ሳሎናችን እናምጣው። ሐሙስ ማታ የቤት ኅብረት አለን። ከሱስ ከወጣ ዓመት ያልሞላው ወንድም ጫማውን አውልቆ ይገባል። ሽታውን ከማንም በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው። እኛ «ሄምፕ ነው» ብለን ብንገልጽለት ይረዳን ይሆናል፤ ሥጋው ግን ስሙን አይጠይቅም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ዜግነት ያልያዛችሁ፣ ሲዲኤል ያላችሁ፣ በድጎማ ቤት የምትኖሩ፣ ሕፃናትና ታዳጊዎች ያሏችሁ፣ ከሱስ የወጣ ሰው በቤታችሁ ያለ፤ እነዚህን ስቆጥር የቀረ ሰው ጥቂት መሆኑ ይገባኛል፤ ቤታችሁ ውስጥ አትትከሉት። ይህ ምክር ከሕጉ የጠበበ መሆኑን አውቃለሁ። ፍቅር ብዙ ጊዜ ከሕግ ይጠብባል።

ሁለተኛ፣ በእውነት በሄምፕ እርሻ የሚማረኩ አሉ። ገበሬ አባት ያሳደጋቸው፣ በአፈር የሚደሰቱ፣ ፍሬውንና ጭረቱን እንደ ንግድ የሚያዩ። ለእነርሱ መንገዱ ክፍት ነው፤ ግን የፊት ለፊት መንገድ ነው። ፈቃድ አውጡ፣ ማሳ ተከራዩ፣ የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ጠይቁ፤ ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት በሄምፕ ላይ ምርምር ሲያደርጉ ቆይተዋል። ከመዝራታችሁ በፊት ገዢውን አግኙ። ከ2018 በኋላ ብዙ ገበሬ ዘርቶ ገበያ አጥቷልና።

ሦስተኛ፣ ሕጉ የማይነካችሁ፣ በቤታችሁ የሚሰናከል የሌለ፣ በሕሊናችሁም ያልተፈረደባችሁ ጎልማሶች ብትኖሩ፣ ከኅብረት አላባርራችሁም። ግን ይህን አንድ ፈተና ተቀበሉ፤ የምትተክሉትን ለትዳር ጓደኛችሁና ለሽማግሌዎቻችሁ በግልጽ መናገር ትችላላችሁ? ከቁም ሣጥን በስተጀርባ ብቻ ሊያድግ የሚችል ነገር ከሆነ፣ የተደበቀው ተክሉ ብቻ አይደለም።

ለአገልጋዮች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ሰው መጥቶ ስለ ሄምፕ ሲጠይቀን ከመቆጣታችን በፊት «የት ያምሃል?» ብለን እንጠይቀው። እንቅልፍ ያጣ ከሆነ ስለ እንቅልፉ እንነጋገር። ጀርባው ከሆነ ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ። በብቸኝነት የተጎዳ ከሆነ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ምሽት እንስጠው። ጥያቄውን በቁጣ ብቻ ብንመልሰው ከእኛ ዘንድ ዝም ይላል፤ መልሱን ግን ሌላ ቦታ ያገኛል፣ ምናልባትም ዘር ከሚሸጥለት ሰው ዘንድ።

መትከል ራሱ መልካም ፍላጎት ነው። በስደት አገር፣ በስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ የሚያድግ ነገር ማየት የናፈቀው ሰው አይፈረድበትም። በየበረንዳችን ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም እየተከሉ ለጎረቤት የሚያካፍሉ እናቶች አሉን። ጎረቤት ሲያንኳኳ በሩን ይከፍታሉ፤ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ አይጋርዱም፤ ልጅ ልጆቻቸውን «ና፣ አንተ ውኃ አጠጣው» ይላሉ። በዚህ ክረምት ባልዲና አፈር ገዝታችሁ ከሆነ፣ እንዲህ በሩ ተከፍቶ የሚታይ ነገር ትከሉበት።

ጸጋ ይብዛላችሁ።